አጃቢዋን የምትጠይቀው ሲስተር

ሲስተር አስካለ ማረፏን የሰማሁት ጋሪ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዳንግላ መናኸሪያ የወረደልኝን ጣቃ ጨርቅ ጭኜ ወደ ስፌት ቤቴ እየሄድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እንጅባራ ስማር ቤት ያከራዩን የነበሩት እትዬ የሺ ናቸው። እትዬ የሺ ስልክ ሲያወሩ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ መርዶውን ባለጋሪውም ከእኔ እኩል ሰማው።

"አስካለ አርፋለች። ሲስተር። ቀብሯ ነገ ነው። ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ፣ እትዬ።"

"ምነው ድምፅሽ ተቆራረጠ? ኔትወርኩ ነው ወይስ እያለቀስሽ ነው?"

"እያለቀስኩ ነው።"

ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ ዞር አለና "እግዜር ያጽናሽ፤ ዘመድሽ ነበረች?" አለኝ። ዘመዴ አይደለችም። አስተማሪዬም አልነበረችም። እንደው ምን ብዬ ልንገረው? "ልጅ ሆኜ ራሴን ሲያመኝ ምክንያቱን የጠየቀችኝ ሰው ናት" አልኩት። ሰውየው ፈረሱን ቸብ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ እንጅባራ ገባሁ። ለቀብሩ የወጣው ሰው ብዛት አስደነገጠኝ። አብዛኛው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ በአንድ ወቅት እንጅባራ ክፍል ተከራይቶ የተማረ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተኮልኩለን፣ አንዱ ለሌላው "እኔን ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?" ይላል። አንድ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፣ ያኔ ከእኛ አንድ ክፍል ከፍ የሚል ልጅ ነበር፣ "እኔን ስልክህን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታስተኛት አለችኝ" ብሎ ከሳቀ በኋላ ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑን ጠረገ። ቀብር ላይ እንዲህ እየተሳቀ ሲለቀስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አስካለ የትምህርት ቤታችን ነርስ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ነፋስ የምታስነሳ ሴት። በነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከማዳመጫዋ ጋር የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ጥሊሊ አካባቢ ገጠር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ አማርኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ሲመጡ ወዲያው ወደ አዊኛ ትገለብጠዋለች። በአማርኛ ትቆጣለች፣ በአዊኛ ታባብላለች። እኛ ተማሪዎቹ አማርኛ እያወቅን መገኘታችን ጎዳን እንል ነበር።

አንቱታ አትወድም። "አንቱ ስትሉኝ ወገቤን ያመኛል" ትላለች። እኛ ግን የገጠር ልጆች ነን፤ እናታችንን የምታክል ሴት ፊት ለፊት አንቺ ለማለት አፋችን እንቢ ይላል። ስለዚህ ፊቷ ላይ እርስዎ፣ ዞር ስትል አንቺ እያልን ኖርን። አሁን እሷ እያልኩ የምጽፈው ደፍሬ ሳይሆን ፈቃዷን ለመፈጸም ነው።

ክፍሏ በቤተ መጻሕፍቱና በስፖርት ዕቃ ማስቀመጫው መካከል የተወሸቀች ነበረች፤ አንድ አልጋ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ የተቀቀለ ድንች የሞላበት ሳህን። ስሟን "ድንች ቤት" ብለናት ነበር። ከረፋዱ ላይ ራሴን አመመኝ ብሎ የመጣ ሁሉ ከኪኒን በፊት አንድ ድንችና አንድ ኩባያ ውሃ ይቀርብለታል።

"ቁርስ በልተሃል?"

"አዎ፣ ሲስተር።"

"ምን?"

"ሻይ።"

"ሻይ ቁርስ ከሆነ እኔም ሚኒስትር ነኝ። ያዝ፣ ብላ።"

ከመጡት ብዙዎቹ ድንቹን በልተው፣ ውሃውን ጠጥተው፣ ጥቂት ቁጭ ካሉ በኋላ እያፈሩ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ኪኒን ሲያስፈልግ ትሰጣለች፤ ግን ከእጇ ለማውጣት ጥርስ እንደ መንቀል ነበር። "ራስ ምታት አሳባቂ ነው" ትለን ነበር። "ሆድ ባዶ ሲሆን የሚጮኸው ራስ ነው። ዓይን ሲደክም፣ እንቅልፍ ሲጎድል፣ ልብ ሲጨነቅ፣ የወር አበባ ሲመጣ የሚጮኸው ያው ራስ ነው። ኪኒኑ አሳባቂውን ዝም ያሰኘዋል። እኔ የምፈልገው ያሳበቀውን ነገር ነው።"

በበዓል ማግስት ልጃገረዶች ሹሩባቸውን እንደ ከበሮ ጠፍር አስወጥረው ይመጡና ግንባራችንን ይዞናል ይላሉ። አስካለ ሹሩባውን በጣቷ ትነካካና "ይኸንን የሠራችው ሴት ጠላትሽ ናት?" ትላለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨናብስ ልጅ ካጋጠማት ወንበሩን ወደ ፊት ታስቀይራለች፣ ከዚያም የዓይን ሐኪም እስኪያየው ወላጆቹን ትነዘንዛለች። በጾም ወራት የሚመጡትን "ጾማችሁን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ማታ ላይ ውሃ ጠጥቶ በጊዜ መተኛትን ግን ማን ከለከላችሁ?" ትላቸዋለች። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተቀብቶ የመጣም አይነቀፍም፤ ሽታው ደስ ይላል ትልና ጥያቄዋን ትቀጥላለች።

አንድ ሰሞን የሴቶቹ ራስ ምታት በዛባት። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ድንች ቤት በሴት ይሞላል። ድንቹ አልሠራም። ውሃ ስትሰጠን ግን ሁላችንም ከንፈራችንን አርሰን ኩባያውን እንመልሳለን። "ለምን አትጠጡም?" እያለች ነዘነዘችን። በመጨረሻ አንዷ አቀርቅራ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንደሌለው፣ እንዳይመጣባት ስትል ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንደማትቀምስ ተናገረች። አስካለ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዳ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በማግስቱ ግን መዶሻና መቀርቀሪያ ይዛ መጥታ ራሷ መታችው። ለራስ ምታት መቀርቀሪያ ያዘዘች ነርስ ከእሷ ሌላ አላውቅም። እኛም ከዚያ ወዲያ ኩባያውን ጭልጥ አድርገን መጠጣት ጀመርን።

ሁሉን በድንች የምትሸኝም አልነበረችም። አንድ ቀን ኳስ ሲጫወት ከግብ ቋሚው ጋር የተጋጨ ልጅ ደግፈው አመጡላት። ልጁ "ትንሽ ነው የሚያመኝ" ይላል፤ ግን ያስመልሰዋል፣ ንግግሩም ይደናቀፋል። ያን ቀን ቁርስ በልተሃል የለም። ጋውኗን ሳታወልቅ አስፋልቱ መሀል ቆማ ባጃጅ አስቁማ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ልጁ ተረፈ። ስትመለስ ክፍል ለክፍል እየዞረች ጮኸችብን። ድንገት እንደ መብረቅ የሚመጣ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የሚመጣ፣ የሚያስመልስ፣ ዓይን የሚያደበዝዝ፣ ከውድቀት በኋላ የሚጀምር፣ ከቀን ወደ ቀን የሚብስ ራስ ምታት ከሆነ "እኔንም አትጠብቁ፣ ሐኪም ቤት ሩጡ" አለች። ፈርታ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

እንከን አልነበረባትም ካልኩ ከመቃብሯ ተነስታ ትቆጣኛለች። ወሬ ትወዳለች። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አፉ ላይ ትቀጥላለች። ለግምት ትቸኩላለች፣ አንዳንዴም ትስታለች። ሌላ ነርስ ላይ ያላየሁት አንድ ልማድ ግን ነበራት፤ ታማሚው እያለ የምትጠይቀው አጃቢውን ነው። "የታመመ ሰው የለመደውን አያይም" ትላለች። አንዷ ሌላዋን ደግፋ ስትገባ አስካለ የታመመችውን አግዳሚው ላይ ታስቀምጥና ወደ ደጋፊዋ ዞራ "እስቲ አንቺ ንገሪኝ" ትላለች። እኔ ወሬኛ ስለነበርኩ አጃቢነት ተስማማኝ። የማጅበው ደግሞ ሁልጊዜ ትርንጎን ነበር።

ትርንጎ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ሆነን እትዬ የሺ ግቢ አንድ ጠባብ ክፍል አብረን ተከራየን። የገጠር ተማሪ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ዓርብ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ትርንጎ ከክፍላችን አንደኛ ነበረች። ሂሳብ ስትሠራ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፤ መልሱ ሲመጣላት ምላሷ ይገባል። እኔ መልሱን የማውቀው ከእሷ ምላስ ነበር።

አባቷ አያ ቢተው ይባላሉ። መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል እያከሰሉ የሚሸጡ ገበሬ ናቸው። በአካባቢያቸው የእሳቸው ከሰል ስም አለው። ሌላው አባት ለልጁ ማር ይልክ ይሆናል፤ አያ ቢተው በየጊዜው በፈረስ አንድ ጆንያ ከሰል ይልካሉ። የእንጅባራ ብርድ ልጃቸውን እንዳይነካባቸው ነው። ጆንያው ሲደርስ ትርንጎ ከሌሎቹ ተከራዮች ፊት ኩራት ኩራት ይላታል፤ እኔም አብሬያት እኮራለሁ።

ኅዳር ላይ ትርንጎን ራሷን ያማት ጀመር። በየቀኑ አይደለም። አንዳንድ ጠዋት ስትነሳ ግንባሯ ተወጥሮ፣ ሆዷ ተገላብጦ፣ እግሯን እያንፏቀቀች ትነሳለች፤ ቀትር ላይ ይለቃታል። ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ መደፋት ጀመረች። ወሬው አያ ቢተው ጋ ደረሰ። እሳቸው ደግሞ ከዚህ በፊት አንዲት የጎረቤት ልጅ "በጥናት ብዛት ታመመች" ሲባል ሰምተው ስለነበር ልባቸው ወዲያው እዚያ ሄደ። ያን ቅዳሜ ለፈተና ልናጠና ወደ ገጠር ሳንሄድ ቀርተን ነበርና፣ ገበያ መጥተው ልጃቸውን አገጯን ይዘው አዩዋት።

"ትምህርቱ ከብዷት ነው" አሉ። "ጭንቅላት እንደ ከብት ጫንቃ ነው፣ ከአቅሙ በላይ ቢጭኑት ይሰበራል። እኔ ልጄን ነው የምፈልግ፣ የምስክር ወረቀት አይዶለም።"

"አባዬ፣ ፈተና እኮ ደርሷል" አለች ትርንጎ።

"የሚመጣው ቅዳሜ ፈረስ ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን ጠቅልለሽ እዚሁ ጠብቂኝ።"

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። ሰውየው ግን እንባቸውን እየዋጡ ነው የተናገሩት። በዚያ ዕድሜ ወደ ቤት የተመለሰች ልጅ ትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ አይተን አናውቅም።

ሰኞ ድንች ቤት ወሰድኳት። ያኔ አስካለ ቸኮለች። ቁርስ አለመብላቷን ሰማች፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባዋን አየች፣ የፈተና ጭንቀቷንም ገመተች። "ሹሩባውን ፍቺ፣ በልተሽ ነይ፣ ይሻልሻል" ብላ ሸኘችን። ሰኞና ማክሰኞ ሰማዩ ደመና ነበር፣ ሌሊቱም አልበረደም፤ ትርንጎም ደህና ሆነች። በደስታ ልንሰክር ደረስን። ረቡዕ ሌሊት ሰማዩ ጠራ፣ ሜዳው ላይ ውርጭ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት።

በትከሻዬ ደግፌ አስገባኋት። አስካለ አየቻትና እጇ ላይ የነበረውን ቆሎ ወደ ኪሷ መለሰች።

"ተሳስቻለሁ" አለች። ሌላ ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"አንቺንስ አያምሽም?"

የጠየቀኝ ስላልነበረ ያሰብኩበትም አልነበረም። "ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይከብደኛል። እሷን እስካመጣ እየተናፈስኩ ይለቀኛል።"

"የትኞቹ ቀናት?"

"እሷን በሚያማት ቀን።"

"ቅዳሜና እሑድ ቤታችሁ ስትሄዱስ?"

ከትርንጎ ጋር ተያየን። አንድም ቀን አሞን አያውቅም።

አስካለ ተነስታ ቁልፏን አነሳች። "ቤታችሁን አሳዩኝ" አለች፤ እኛ እሷን እስክንከተል ግማሽ መንገድ ሄዳለች።

ክፍላችን በር ላይ ስትደርስ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ቆማ ዓይኗን አዞረች። መስኮቷን እትዬ የሺ በማዳበሪያ ከረጢት ጥርቅም አድርገው ወትፈዋታል። የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ደፍነነዋል። ሲያማት ጊዜ ብርድ ነው ብለን ነዋ የደፈንነው! ባመማት ቁጥር አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ እንዘጋ ነበር። መሀል ወለሉ ላይ ማንደጃው አለ፣ ዐመዱ ገና ሞቅ ይላል። ጥግ ላይ የአያ ቢተው ጆንያ ቆሟል።

"በሚበርድ ቀን ፍሙን ታስገባላችሁ" አለች አስካለ።

"ሲበርድ ብቻ ነው" አሉ ከኋላችን የደረሱት እትዬ የሺ። "ያለዚያማ እነዚህ ሕፃናት በረዶ ሁነው ይቀራሉ። ደግሞ ጭሱ አልቆ፣ ከቀላ በኋላ ነው የማስገባላቸው። ምን ነካሽ?"

"እኔን የሚያስፈራኝ የማይጨሰው ነው፣ እትዬ። የሚጨሰውማ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሰው ሮጦ ይወጣል። ይኸኛው አይታይም፣ አይሸትም። ቤት ተዘግቶ ከታደረበት ራስ ያሳምማል፤ ሲብስ ደግሞ ጠዋት ሳይነቁ የቀሩ አሉ።"

እትዬ የሺ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ነቅለው ግቢ ውስጥ ወረወሩት። ማንደጃው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ደጅ ሆነ። አስካለ ሁለታችንንም ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመረመረችን። ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እንድንታቀፍም አሳየችን። ቢሆንም በረደን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ አደርን። ዓርብ ጠዋት ትርንጎ ተነሳች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች። "አያመኝም" አለች። ፊቷ ግን አልበራም፤ በማግስቱ ቅዳሜ ነው። አባቷ በአንድ ደህና ጠዋት ሐሳባቸውን እንደማይቀይሩ ታውቃለች። ዕቃዋን በአንሶላ ጠቅልላ ቋጠረች።

አያ ቢተው ፈረሳቸውን እየሳቡ ሲገቡ አስካለ እትዬ የሺ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። እትዬ የሺ አላስቻላቸውም፣ ሰላምታው ሳያልቅ አፈነዱት።

"የልጅዎ በሽታ ተገኘ! ከሰሉ ነው!"

አያ ቢተው ፊታቸው ተለዋወጠ። "የኔ ከሰል?"

"ቤት ተዘግቶ—" አለች አስካለ።

"የኔ ከሰል አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ነው። ራስ የሚያሳምም ጥሬ እንጨት የቀረበት ከሰል ነው። የኔ ጭስ የለውም። ለልጄ ጥሬ ከሰል የምልክ ይመስላችኋል?" ደረታቸውን በእጃቸው መቱ። "ብርድ እንዳይገድላት ከአፌ ነጥቄ የምልክላትን!"

አስካለ አፏ ላይ የመጣውን ስትውጠው አየኋት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እሷ የምትታወቀው በመጮህ ነው። ያን ቀን ግን አንድ በርጩማ ሳበችላቸውና በአዊኛ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። ስለ ልጃቸው አንድም ነገር አላነሳችም። ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። እንጨቱን እንዴት እንደሚከምሩ፣ በምን እንደሚያለብሱት፣ መብሰሉን በምን እንደሚያውቁ። አያ ቢተው መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚመልሱት፤ ስለ ሥራው የሚጠይቀውን ሰው የሚጠላ ግን የለም፣ ቀስ በቀስ እጃቸውን እያወራጩ ያስረዷት ገቡ።

"አፈሩን ገፍፈው ክምሩን ሲከፍቱ የት ይቆማሉ?" አለች።

"በነፋሱ በኩል ነዋ! ከነፋሱ በታችማ ማን ይቆማል?"

"ለምን?"

"ራስ ያዞራላ! አምና የጎረቤቴ ልጅ በታች ቁሞ ሲዝቅ ራሱን ስቶ ተደፋ፤ ጎትተን አውጥተን በስንት መከራ ነቃ።"

"ጭሱ ነው?"

"የምን ጭስ! በስሎ ያለቀ ከሰል ነበር፣ ጭስ የሚባል እንኳ..."

አያ ቢተው እዚያ ላይ ቆሙ።

ሰው ሳይጨርስ የምትቀጥለው አስካለ ያን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችላቸውም። እትዬ የሺ ሊናገሩ ሲሉ ጉልበታቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ከዚያ በአዊኛ፣ ለሕፃን በምትናገርበት ድምፅ፣ በልጅዎ ክፍል ነፋሱ በየት በኩል ነው አለቻቸው።

ተነስተው ወደ ክፍላችን ገቡ። የተከፈተችውን መስኮት፣ ጠባቧን ወለል፣ ሁለቱን አልጋዎች ሲያዩ ቆዩ። ሲወጡ ዕድሜ የጨመሩ መሰሉኝ። አስካለ ያኔ ተነሳች።

"አያ ቢተው፣ ከሰልዎ ምንም አልጎደለውም። ክፍሏ ነች የታፈነችው። ልጅዎን ራሷን ዳግመኛ አያማትም ብዬ አልምልም፤ ልጅ ናት፣ ትደክማለች፣ ትራባለች፣ ትጨነቃለች። ሲያማት ምክንያቱን አብረን እንፈልጋለን። ትምህርቱን ግን ያለ ጥፋቱ አይክሰሱት።"

አያ ቢተው ክፍሉ ገብተው ጆንያውን በጀርባቸው ተሸክመው ወጡ፣ ፈረሱ ላይ ጫኑት፣ ልጓሙን ስበው ከግቢ ወጡ። ልጃቸውን አላዩዋትም፣ ለእኛም ደህና ዋሉ አላሉም።

አስካለ በርጩማዋ ላይ ዘጭ አለች። "አበላሸሁት" አለች። "ሰውየውን አስቀየምኩት።" ትርንጎ ቋጠሮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ አፈር ትጭራለች። ትሂድ ወይ ትቅር የነገራት የለም። እትዬ የሺ ምሳ አቀረቡ፤ የነካው አልነበረም። አስካለም ቤቷ መሄድ እያለባት አልሄደችም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል የፈረስ ኮቴ ሰማን። አያ ቢተው ናቸው። ጆንያው የለም፤ በቦታው ወፍራም፣ አዲስ፣ ከነሱፍ ሽታው ያለ ባና ተጭኗል። ከሰሉን ሸጠው የገዙት ነው። አውርደው ሳይዘረጉ ትርንጎ ትከሻ ላይ ጣሉት፣ ልጅቷን ክብደቱ ወዘወዛት።

"ሁለታችሁም ልበሱት" አሉ። "መስኮቱም እንዳይዘጋ።"

ከዚያ ቋጠሮው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። ትርንጎ አጥብቃ ነበር ያሰረችው። ከሰል በበላው ወፍራም ጣታቸው ሲታገሉ፣ እኔ ልርዳዎት ብል በእጃቸው መለሱኝ። ፈቱት። ደብተሮቹ ከልብሷ መካከል ሲወጡ አንዱን አንስተው አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉና ሰጧት።

"በይ እንግዲህ፣ ፈተናሽ ላይ ድረሺ።"

ከሁላችን ቀድማ ያለቀሰችው ሲስተር አስካለ ናት።